ዊልያም ሄርሼልና የማይታየው ብርሃን

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የሚወጣው የታላላቅ ሰዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ደራስያን የሚናገር ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ መርጫለሁ። ይህ ሰው እስከ 43 ዓመቱ ድረስ ይተዳደር የነበረው ኦርጋን በመምታት፥ መዘምራንን በመምራትና የሀብታም ልጆችን ሙዚቃ በማስተማር ነበረ። ስሙም ዊልያም ሄርሼል ይባላል።

ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እጅግ ሩቅ የሆኑትን ጋላክሲዎች ሲመረምሩ፥ በውስጣቸው ከዋክብት እንዴት እንደሚወለዱና በመካከላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ኢንፍራሬድ የተባለው የማይታይ ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን ያገኘው ሄርሼል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችንም ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ በመዝገብ ያሰፈረ ይኸው ሄርሼል ነው። ሁለቱን ሥራዎቹን ግን አንድ ላይ ሳያገናኛቸው ሞተ። ቁልፉም በሩም በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ሳሉ እንዴት ሳይገናኙ ቀሩ? ይህን ለመረዳት ሕይወቱን ከመጀመሪያው መከተል ያሻል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሄርሼል የተወለደው ኖቬምበር 15 ቀን 1738 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ነው። አባቱ ይስሐቅ በሐኖቨር ዘበኛ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋ ሰው ነበረ። ገንዘብ አልነበረውም፤ ከተወለዱለት ዐሥር ልጆች አራቱ በሕፃንነታቸው ሞተውበታል። የቀሩትን ግን ሙዚቃ አስተማራቸው፤ ጥርት ባለ ሌሊትም ከዋክብትን ያሳያቸው ነበረ። ዊልያም ገና በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጓድ ገባ። በዚያን ዘመን ሐኖቨርና እንግሊዝ አገር በአንድ ንጉሥ ሥር ስለ ነበሩ ጓዱ በ1756 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ተመልሷል። በሚከተለው ዓመት በሐስተንቤክ በተደረገው ጦርነት ፈረንሳዮች ድል አደረጉ። ጥይት ሲጮህና ወታደሩ በጭቃ ላይ ሲያድር ያየው አባት፥ ልጁ በዚያ እንዲጠፋበት ስላልወደደ ወደ እንግሊዝ አገር ላከው። ዊልያምም ከወንድሙ ከያዕቆብ ጋር ለንደን ገብቶ የሙዚቃ ኖታ እየገለበጠ በሚያገኘው ጥቂት ገንዘብ ኑሮውን ጀመረ።

ከብዙ መንከራተት በኋላ በ1766 ዓ.ም. ባዝ በተባለችው ፍል ውሃ ባለባት ከተማ የአንድ ጸሎት ቤት ኦርጋን መቺ ሆነ። ወደ ባዝ ይመጡ የነበሩት ሰዎች ባለጸጎች ስለ ነበሩ ተማሪ አላጣም፤ በሳምንት ከ30 በላይ የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ ነበረ። ራሱም 24 ሲንፎኒዎች ደርሷል። ከሙዚቃው ላይ ስለ ድምፅ ስምምነት የሚያስረዳ የሮበርት ስሚዝን መጽሐፍ አነበበ፤ ያው ደራሲ ስለ ብርሃንና ስለ መነጽር የጻፈውን ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ፈልጎ አገኘ። እንዲህ ከድምፅ ወደ ብርሃን ተሻገረ። ቀን ቀን ሲያስተምር ይውልና ማታ ወደ አልጋው የሚሄደው መጽሐፉን ታቅፎ ነበረ።

እዚህ ላይ ስለ እኅቱ ስለ ካሮላይን መናገር ይገባኛል፤ እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ታሪክ ግማሹ የእርሷ ነው። ካሮላይን በ1750 ዓ.ም. ተወለደች። በ10 ዓመቷ ተስቦ ስለ ያዛት እድገቷ ቆሞ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ቀረ። እናቷም ይህች ልጅ ባል አታገኝም ብላ ለቤት ሥራ ብቻ አሰበቻት፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት እንዳይሰጣትም ከለከለች። አባቷ እናቲቱ በሌለችበት ጊዜ ቫዮሊን ያስተምራት ነበረ። ዊልያም በ1772 ዓ.ም. ሐኖቨር ሄዶ እኅቱን ወደ ባዝ ወሰዳት፤ እናቱም በእርሷ ምትክ ሠራተኛ ትቀጥር ዘንድ ዓመታዊ ገንዘብ ቆረጠላት። ካሮላይን በባዝ የድምፅ ትምህርት ተምራ በሕዝብ ፊት ብቻዋን የምትዘምር ሆነች። በሌላ ከተማ እንድትዘምር ተጠይቃ ወንድሟ በማይመራው ጓድ አልዘምርም ብላ እንቢ አለች። ወንድሟ ወደ ከዋክብት ሲያዘነብል ግን የእርሷም ዘፈን በዚያው ቀረ። ስለዚህ ነገር በኋላ በጻፈችው ማስታወሻ ውስጥ ቅሬታዋን አልደበቀችም።

ሄርሼል የሚፈልገውን ዐይነት ቴሌስኮፕ በገበያ ሊገዛ አልቻለም፤ ትልልቁ እጅግ ውድ ነበረ። ስለዚህ በ1773 ዓ.ም. ራሱ መሥራት ጀመረ። የዚያን ጊዜው የቴሌስኮፕ መስተዋት እንደ ዛሬው ከብርጭቆ የሚሠራ አልነበረም፤ መዳብና ቆርቆሮ አንድ ላይ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ በእጅ እየተፈተገ ይወለወላል። ውልወላው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እጅን ከመስተዋቱ ላይ ማንሣት ሥራውን ያበላሻል። በዚህ ምክንያት ሄርሼል አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ እጁን ሳያነሣ ሠርቷል። ካሮላይን አጠገቡ ተቀምጣ እያጎረሰች ታበላው፥ እንዳይሰለቸውም የሺህ አንድ ሌሊትን ተረት ታነብለት ነበረ። ከወዳጅና ከእኅት እጅ መጉረስን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ግን ይህን ሲተርኩ እንደ መገረም ይላሉ።

በማርች 13 ቀን 1781 ዓ.ም. ሌሊት ሄርሼል ከቤቱ ጓሮ ሆኖ፥ መስተዋቱ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ከዋክብትን አንድ በአንድ ሲመረምር ከሌሎቹ የተለየ አንድ ኮከብ አየ። ኮከብ የቱንም ያህል ቢያጎሉት ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ይህኛው ግን ባጎላው ቁጥር ይሰፋ ነበረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲያየውም ቦታውን ለቋል። ሄርሼል ጅራታም ኮከብ መስሎት ለሊቃውንት አስታወቀ፤ ሊቃውንቱ መንገዱን ሲያሰሉ ከሳተርን ባሻገር ፀሐይን የምትዞር አዲስ ፕላኔት ሆና ተገኘች። ይህች ዛሬ ዩራኑስ የምንላት ናት። ከእርሱ በፊት ያዩዋት ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ፍላምስቲድ በ1690 ዓ.ም. ኮከብ መስላው በመዝገቡ ጽፏት ነበር። ልዩነቱ ሄርሼል በገዛ እጁ የወለወለው መስተዋት ከሌሎቹ የበለጠ ጥራት ስለ ነበረው ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ለማፍሰስ በቤቱ ምድር ቤት እቶን አቆመ። ማፍሰሻው ከፈረስ ፋንድያ ጋር በተቦካ ሸክላ የተሠራ ነበረ፤ ፋንድያውንም ወቅጣ የነፋችው ካሮላይን ናት። በሁለተኛው ሙከራ እቶኑ ተሰንጥቆ የቀለጠው ማዕድን በድንጋዩ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዩም በሙቀት እየፈነዳ ወደ ጣራው ሲወረወር ሁሉም በሚገኘው በር ሸሸ። ሄርሼልም ደክሞ በጡብ ክምር ላይ ወደቀ። የዓለም ሊቃውንት ስሙን የሚጠሩት ሰው ያን ጊዜ ገና በምድር ቤቱ ውስጥ ከፋንድያና ከእሳት ጋር ይታገል ነበረ ማለት ነው።

ንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ በ1782 ዓ.ም. በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ ቆረጡለት። ይህ በሙዚቃ ከሚያገኘው ያነሰ ነው፤ እርሱ ግን ሙዚቃውን ተወ። መኖሪያውንም ከንጉሡ ግቢ አቅራቢያ አደረገ፤ በ1786 ዓ.ም. ስላው በተባለችው ቦታ ቤት ይዞ እስከ ሞቱ በዚያ ተቀመጠ። በ1787 ዓ.ም. ንጉሡ ለካሮላይንም በዓመት 50 ፓውንድ ሰጧት፤ በእንግሊዝ አገር ለሳይንስ ሥራ ደመወዝ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የሌሊቱ ሥራ እንዲህ ነበረ። ሄርሼል በመሰላል ወጥቶ ከፍ ካለ መቆሚያ ላይ ሆኖ በቴሌስኮፑ ያያል፤ ያየውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ካሮላይን በመስኮቱ ውስጥ በሻማ ፊት ሰዓቱን እያየች ትጽፋለች። በክረምት ቀለሙ በቢልቃጡ ውስጥ ይረጋ ነበረ። በ1783 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ሌሊት ካሮላይን በበረዶው ላይ ስትሮጥ የቴሌስኮፑ ቆመህ የያዘ የብረት ሜንጦ ጭኗ ውስጥ ገባ፤ ሥጋዋን ትታ ነው ያላቀቋት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚህ አኳኋን በ20 ዓመት ውስጥ 2500 የሚያህሉ ጭጋግ መሳይ ነገሮችን፥ ማለት ኔቡላዎችንና የከዋክብት ጉባኤዎችን፥ በሦስት መዝገቦች አወጡ። ካሮላይን ደግሞ በራሷ ትንሽ ቴሌስኮፕ ስምንት ጅራታም ከዋክብት አግኝታለች። ወንድሟ በ1788 ዓ.ም. ሜሪ ፒት የተባለች ሴት ሲያገባ የቤቱን ሥልጣን ለቃ በኪራይ ቤት ተቀመጠች፤ የሚከተሉትን የዐሥር ዓመታት ማስታወሻዋንም በኋላ ራሷ አጠፋችው።

ንጉሡ በሰጡት 4000 ፓውንድ በ1789 ዓ.ም. የተፈጸመው ትልቁ ቴሌስኮፕ 12 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መስተዋት ነበረው። ከየአገሩ መኳንንት እየመጡ ይጎበኙት ነበረ። እኔ ግን ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። መስተዋቱ እጅግ ከባድ፥ ለማንቀሳቀስም አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሄርሼል ብዙውን ሥራ የሠራው በግማሽ በሚያንሰው ቴሌስኮፕ ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ ሄርሼልን የያዘው ጥያቄ አንድ ነበረ፤ እነዚህ ጭጋግ መሳይ ነገሮች ምንድን ናቸው? በመጀመሪያ ሁሉም ከርቀታቸው የተነሣ ተለይተው የማይታዩ የከዋክብት መንጋዎች ናቸው ብሎ አመነ። በኖቬምበር 1790 ዓ.ም. ግን በመካከሏ አንዲት ኮከብ የተቀመጠች ክብ ጭጋግ አየ፤ ጭጋጉም ከዋክብት ሊሆን እንደማይችል ተረዳ። ከዚህም የተነሣ በሰማይ ላይ እውነተኛ የሆነ ስስ ነገር እንዳለ፥ ይህም ቀስ በቀስ እየተሰበሰበና እየጠጠረ ኮከብ እንደሚሆን አሰበ። በ1811ና በ1814 ዓ.ም. ባሳተማቸው ጽሑፎች፥ አንድ ሰው በጫካ ውስጥ ችግኙንም ትልቁንም ዛፍ በአንድ ጊዜ እንደሚያይ ሁሉ፥ እርሱም የከዋክብትን እድገት ከስሱ ጭጋግ እስከ ብሩሁ ኮከብ ድረስ በየደረጃው ደርድሮ አሳየ። የከዋክብትን መወለድ በብዙ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ካስረዱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መወለዱን ራሱን አላየም። ኮከብ የሚወለደው ወፍራም አቧራ በመላበት ደመና ውስጥ ነው፤ አቧራውም ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ይውጠዋል። ሄርሼል በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ አንዳንድ ስፍራ ከዋክብት የሌሉባቸው ጥቁር ቦታዎች አግኝቶ በሰማይ ላይ የተከፈቱ ቀዳዳዎች ናቸው ብሎ ነበረ። ዛሬ እንደምናውቀው ከእነዚህ ብዙዎቹ ባዶ ስፍራ ሳይሆኑ የአቧራ ደመናዎች ናቸው።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጆን ሚቸል የተባለ አንድ ቄስ ነበረ። ይህ ሰው በ1783 ዓ.ም. በጻፈውና በሚከተለው ዓመት በታተመው ጽሑፉ፥ ጥግግቷ እንደ ፀሐይ የሆነ፥ ስፋቷ ግን 500 እጥፍ የሚበልጥ ኮከብ ብትኖር ከስበቷ የተነሣ የገዛ ብርሃኗ እንኳ ሊያመልጣት እንደማይችል አስልቶ ነበረ። ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ የምንለው ሐሳብ የመጀመሪያው ዘር ይህ ነው። ሚቸል በ1793 ዓ.ም. ሲሞት ቴሌስኮፑን የገዛው ሄርሼል ነው። ሐሳቡ ግን ከቴሌስኮፑ ጋር አልተሸጠም፤ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቀረ።

እነሆ ወደ 1800 ዓ.ም. ደረስን። ሄርሼል 61 ዓመቱ ነበረ። ፀሐይን ሲመለከት ዓይኑ እንዳይቃጠል ባለ ቀለም መስተዋት ያደርግ ነበርና አንድ ነገር አስተዋለ፤ አንዱ መስተዋት ብርሃኑ ጥቂት ሆኖ ሳለ ዓይንን ያሞቃል፥ ሌላው ብርሃኑ ብዙ ሆኖ ሳለ አያሞቅም። ምናልባት ቀለማት ሁሉ እኩል ሙቀት አይሸከሙ ይሆናል ብሎ በመስኮቱ ላይ ፕሪዝም አደረገና የፀሐይን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ጫፋቸው በጥቁር ቀለም የተቀባ ቴርሞሜትሮች አዘጋጅቶ አንዱን በቀለሙ ላይ፥ የቀሩትን ለማወዳደሪያ ከብርሃኑ ውጭ አስቀመጠ። በፋራንሃይት መለኪያ በሐምራዊው 2 ዲግሪ፥ በአረንጓዴው ከ3 ጥቂት የሚበልጥ፥ በቀዩ ወደ 7 የሚጠጋ ዲግሪ ሙቀት ጨመረ። ሙቀቱ ወደ ቀዩ ሲሄድ ይጨምራል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበረ። ሄርሼል ግን ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ጠርዝ አውጥቶ ምንም ብርሃን ከማይታይበት ስፍራ አኖረው። እዚያ ሙቀቱ ከቀዩም በለጠ።

እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ በጥር ፀሐይ ይህንኑ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሞክረነዋል። ካርቶን፥ ከቤተ ሙከራ የተዋስነው ፕሪዝምና ጥላሸት የተቀቡ አራት ቴርሞሜትሮች በቂ ሆኑ። ከቀዩ ውጭ የተቀመጠው ከፍ ሲል አንዱ ጓደኛችን ቴርሞሜትሩን ስላላመነው በሌላ ለወጠው፤ በዚያ ስፍራ የተቀመጠው ሁሉ ግን ከፍ አለ። የዚህ ብርሃን ነገር ለማንኛችንም አዲስ አይደለም። ምጣድ በእሳት ላይ ሳለ መልኩ ሳይቀላ ፊትን የሚለበልበን ይኸው ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ፥ የሰው ገላም ጭምር፥ ኢንፍራሬድ ያወጣል።

ሄርሼል የማይታየው ጨረር በመስተዋት ሲመታ እንደሚመለስ፥ በብርጭቆ ውስጥ ሲያልፍም እንደ ብርሃን እንደሚታጠፍ ከፀሐይ፥ ከሻማና ከምድጃ አረጋገጠ። ይህን ካየ በኋላ ሙቀቱም ብርሃኑም አንድ ነገር ናቸው ለማለት ጥቂት ቀርቶት ነበረ። ነገር ግን ባለ ቀለም ብርጭቆዎች ብርሃኑንና ሙቀቱን በእኩል መጠን እንደማያስቀሩ ስላየ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ደመደመ። አንድ መሆናቸውን ያስረዱት ከሞቱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ናቸው። ታላቅ ሰው በሁሉም ነገር ትክክል ነው የሚል ካለ፥ ሄርሼል ፀሐይ ከብርሃኗ ሽፋን በታች ቀዝቃዛ መሬት ያላት፥ ፍጥረትም የሚኖርባት ናት ብሎ በ1795 ዓ.ም. እንደ ጻፈ ያስታውስ።

እንግዲህ ሰውዬው በአንድ ቤት ውስጥ ቀን ቀን የማይታየውን ጨረር ይለካል፤ ሌሊት ደግሞ በሚታየው ብርሃን ኔቡላዎችን ይቆጥራል። ቴርሞሜትሩን ወደ ኔቡላዎቹ ያላዞረው ለምንድን ነው? ቢያዞረውም ምንም ባላየ ነበር። ከሩቅ ጋላክሲ የሚደርሰን ሙቀት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የዚያን ዘመን ቴርሞሜትር ሊሰማው አይችልም፤ በተጨማሪም በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ስለዚህ የሚወቀስበት ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከማንም ይልቅ በዓይኑ የተማመነው፥ ዓይኑንም ለማጉላት ዕድሜውን የጨረሰው ሰው፥ ዓይን የማያየው ብርሃን እንዳለ በገዛ ጠረጴዛው ላይ አይቶ፥ ነገሩ የከዋክብትን መወለድ የሚገልጥ መሆኑን ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

ሄርሼል ኦገስት 25 ቀን 1822 ዓ.ም. በስላው ቤቱ ሞተ፤ ዕድሜው 83 ዓመት ከ9 ወር ነበረ። ዩራኑስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 84 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ካሮላይን ወንድሟ ከሞተ በኋላ ወደ ሐኖቨር ተመልሳ፥ የወንድሟ ልጅ ጆን ምርመራውን እንዲቀጥልበት የኔቡላዎቹን መዝገብ እንደ ገና አደራጀችለት፤ ለዚህም በ1828 ዓ.ም. የለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለማት። በ1848 ዓ.ም. በ97 ዓመቷ ዐረፈች።

ከመዝገባቸው ሁለት ስሞችን ብቻ ላንሣ። ካሮላይን በሴፕቴምበር 23 ቀን 1783 ዓ.ም. ወንድሟ በሠራላት ትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ረዘም ያለ ጭጋግ አገኘች፤ ዛሬ ኤን ጂ ሲ 253 ይባላል። 11 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ጋላክሲ ነው። በመካከሉ ከዋክብት በከፍተኛ ፍጥነት ይወለዳሉ፤ የአዲሶቹን ከዋክብት ብርሃን አቧራው ውጦ ከሞቀ በኋላ መልሶ በኢንፍራሬድ ስለሚያወጣው፥ ይህ ጋላክሲ በኢንፍራሬድ ሲታይ እንደ ፋና ያበራል። ሁለተኛው ዊልያም በማርች 17 ቀን 1787 ዓ.ም. ያየው ኤን ጂ ሲ 4151 ነው። በዚህኛው መካከል ክብደቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ጥቁር ጉድጓዱ ራሱ ብርሃን የለውም፤ ወደ እርሱ የሚወድቀው ነገር ግን በመሽከርከር ግሎ እጅግ ያበራል። ይህ ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ በዙሪያው ያለው አቧራ ከሳምንታት በኋላ በኢንፍራሬድ ይከተለዋል። የመዘግየቱን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት በማስላት አቧራው ከጥቁር ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ሊቃውንት ለክተዋል። እኅትና ወንድም በጨለማ ውስጥ ጭጋግ ብለው የመዘገቧቸው ሁለቱ ነገሮች፥ አንዱ የከዋክብት መወለጃ፥ ሁለተኛው የጥቁር ጉድጓድ ማደሪያ ሆነው ተገኙ።

የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት በሜይ 14 ቀን 2009 ዓ.ም. ያመጠቃት የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ሄርሼል ተብላለች። መስተዋቷ 3 ሜትር ተኩል ነው። የሠራችበት ስፍራ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በዚያ የሚያግዳት እንፋሎት የለም። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ ከአንዳንድ ጋላክሲዎች ውስጥ ኮከብ ሊሆን የሚችለው ጋዝ በሰከንድ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ተገፍቶ ሲወጣ በዚህች ቴሌስኮፕ እንደ ታየ ገለጠ፤ ፍጥነቱ እጅግ ከፍ ባለባቸው ዘንድ የሚገፋው ጥቁር ጉድጓዱ እንደ ሆነ ይታሰባል። እንግዲህ ጥቁር ጉድጓድ ሲበረታ የከዋክብት መወለድ ይቆማልን? በ2012 ዓ.ም. አንድ የሊቃውንት ቡድን እጅግ ኃይለኛ ጥቁር ጉድጓድ ባላቸው ሩቅ ጋላክሲዎች የሚወለዱት ከዋክብት ያነሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከመጀመሪያው የበዙ ጋላክሲዎች ከመረመረ በኋላ እንዲህ ያለ መቀነስ አላየሁም አለ። ሁለቱም የተጠቀሙት በዚህችው በሄርሼል ቴሌስኮፕ ነው።

ቴሌስኮፒቱ ራሷ ከሞቀች የራሷ ኢንፍራሬድ የሰማዩን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ መሣሪያዎቿ በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዙ ነበር። ሂሊየሙ ቀስ በቀስ እየተነነ በአፕሪል 29 ቀን 2013 ዓ.ም. አለቀ። መሣሪያዎቿም ሞቁና ማየት አቆመች። በጁን ወር የመጨረሻው ትእዛዝ ተላከላት፤ ዛሬ ድምፅዋን አጥፍታ ፀሐይን ትዞራለች።